ተሳፋሪ ወይስ ተረኛ? የተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ሐሳብ ከቀይ ባሕር እስከ ቦሌ

አኅጽሮተ ጥናት

መርከብን ወደ ዩኒቨርሲቲነት ለውጦ ተማሪዎችን ከወደብ ወደ ወደብ እያጓጓዙ የማስተማር ሐሳብ ሥራ ላይ ከዋለ አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ሆኖታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሐሳቡን በሦስት መስፈርቶች ይመረምራል፤ እነርሱም ተማሪው በጉዞው ላይ ያለው የሥራ ድርሻ፣ ትምህርቱ የሚመዘገብበት ሥርዓት፣ እንዲሁም ለትምህርቱ ኃላፊነት የሚወስደው ባለቤት ናቸው። ለንጽጽር የቀረቡት የአሜሪካው ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ፣ «ኢትዮጵያ» የተሰኘችው የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ፣ በቦሌ የሚገኘው የአቪዬሽን ትምህርትና ዛሬ ባሕር በር በሌላት አገራችን የሚሰጠው የመርከበኝነት ሥልጠና ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ጉዞ ትምህርት የሚሆነው ተማሪው ከተሳፋሪነት ወጥቶ ተረኛ ሲሆን ነው የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥያቄው መነሻ

በተለመደው አነጋገራችን «እገሌ ውጭ አገር ተምሮ መጣ» ሲባል የቃሉ ክብደት የሚያርፈው «ተምሮ» ከሚለው ይልቅ «ውጭ አገር» በሚለው ላይ ነው። መሄዱ በራሱ እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በየዓመቱ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሸኘው ወጣት ቤተ ዘመዱ የሚመርቀው ገና ከመማሩ በፊት፣ ስለሚሻገር ነው። ይህ አመለካከት ለተመራማሪ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። መንቀሳቀስ ከመማር የሚለየው በምንድን ነው? አንድ ሰው ብዙ አገር አይቶ ሳይማር ሊመለስ የሚችለው፣ ሌላው ደግሞ በአንድ ጉዞ ሙያ ይዞ የሚመለሰው ስለ ምን ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ምቹ ጉዳይ ነው። በሌላው የውጭ አገር ትምህርት ጉዞው ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ያደርሰዋል፤ በመርከቡ ላይ ግን ትምህርት ቤቱና ጉዞው አንድ ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እያስተማረ እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

2. ተማሪው እንደ ተሳፋሪ፦ ከ«ራይንዳም» ጀምሮ

በመስከረም ወር 1926 «ራይንዳም» የተባለች የሆላንድ አሜሪካ ኩባንያ የመንገደኞች መርከብ 500 ያህል ተማሪዎችን ይዛ ከኒው ዮርክ ማዶ ከሚገኘው የሆቦከን ወደብ ተነሣች። የጉዞው አሳቢ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የነበሩት ጄምስ ላፍ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ዓለምን በቀጥታ መመልከት ከመጽሐፍና ከመማሪያ ክፍል የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። መርከቢቱ ጃፓንን፣ ቻይናን፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያንና ሕንድን ጎብኝታ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ከተሻገረች በኋላ በ1927 የጸደይ ወራት ወደ አሜሪካ ተመለሰች።

ሐሳቡ የተፈተነው ገና መርከቢቱ ሳትነሣ ነው። መጀመሪያ ድጋፍ የሰጠው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከመነሻው ቀን በፊት እጁን ከሥራው አወጣ። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጋዜጦች ስለ ትምህርቱ ከሚጽፉት ይልቅ ስለ ተማሪዎቹ መጠጥና ሥነ ምግባር የሚጽፉት በዛ። የታሪክ ምሁሯ ታምሰን ፒች በ2023 ስለዚሁ ጉዞ ባሳተሙት መጽሐፍ የውዝግቡ ሥር ጠለቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ዕውቀትን «ዕውቀት ነው» ብሎ የማጽደቅ ሥልጣን የማን ነው? የተጓዡ ልምድ በራሱ ይበቃልን፣ ወይስ ዩኒቨርሲቲው መዝኖ ማኅተሙን ሊያኖርበት ይገባል?

ከዚያ በኋላ የተነሡት ሙከራዎች ለዚህ ጥያቄ ተቋማዊ መልስ ፈልገዋል። በ1963 በአሜሪካ እንደገና የተጀመረውና በኋላ «የባሕር ላይ ሴሚስተር» በሚል ስም የታወቀው መርሐ ግብር ቻፕማን ኮሌጅን፣ የፒትስበርግን፣ የቨርጂኒያንና የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎችን በተለያየ ጊዜ የትምህርት ባለቤት አድርጎ ቀጥሏል። መርከቡን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ቢሆንም ክሬዲቱን የሚሰጠው የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህም «ራይንዳም» ያጣችው ባለቤት ተገኘ። የሐሳቡ መጠን ምን ያህል ሰፍቶ እንደነበር የሚያሳየው ግን ያልተሳካው ሙከራ ነው። የመርከብ ባለሀብቱ ሲ. ዋይ. ተንግ በ1970 «ኩዊን ኤልዛቤት» የተሰኘችውን ግዙፍ የእንግሊዝ መርከብ ገዝተው ወደ ዩኒቨርሲቲነት በማስለወጥ ላይ ሳሉ መርከቢቱ በጥር ወር 1972 በሆንግ ኮንግ ወደብ ተቃጥላ ሰጠመች። መርሐ ግብሩ በአነስተኛ መርከብ ቀጠለ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ የጋራ ባሕርይ ይታያል። ተማሪው በመርከቡ ላይ ያለው ተሳፋሪ ሆኖ ነው። መርከቡን የሚነዱት፣ ሞተሩን የሚጠብቁት፣ ምግቡን የሚያበስሉት ሌሎች ናቸው። ተማሪው ቢታመም ወይም ቢሰንፍ መርከቡ በሰዓቱ ወደብ ይገባል።

3. ተማሪው እንደ ተረኛ፦ «ኢትዮጵያ» መርከብ

በአገራችን ታሪክ ለተለወጠ ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት የሚቀርበው ምሳሌ ከባሕር ኃይሉ ይገኛል። ምፅዋን ዋና መቀመጫው አድርጎ በ1955 የተመሠረተው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሥልጠና ረገድ የኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ነበረው። እጩ መኮንኖች ከአራት ዓመት በላይ በሚወስድ የኮሌጅ ትምህርት ያልፉ ነበር። የጎደለው ትልቅ መርከብ ነበር፤ እርሱም በ1962 ተገኘ።

መርከቢቱ አስቀድሞ «ኦርካ» ትባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተሠራች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ የባሕር አውሮፕላኖችን ነዳጅ፣ ጥገናና ማረፊያ እንድታቀርብ የታቀደች መርከብ ናት። ወደ ኢትዮጵያ ስትተላለፍ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች። ለዚህ ተግባር የተመቸችበት ምክንያት ከአሠራሯ ይገኛል። እንዲህ ያለች መርከብ ከራሷ ሠራተኞች በተጨማሪ የአውሮፕላን ክፍሉን ሰዎች እንድታሳድር ሆና ስለምትሠራ፣ አውሮፕላኖቹ ሲቀሩ ለሠልጣኞች የሚሆን ትርፍ መኝታና የሥራ ቦታ ይኖራታል።

በማሠልጠኛ መርከብ ላይ የዕለቱ ትምህርት በደወልና በክፍለ ጊዜ ብቻ አይመራም። በተለመደው የባሕር ሥርዓት ቀንና ሌሊቱ በአራት አራት ሰዓት ተራ ይከፈላል። ሠልጣኙ በተራው በመምሪያ ክፍሉ ቆሞ የመርከቡን አቅጣጫ ያሰላል፣ ወደ ሞተር ክፍል ወርዶ ግፊትና ሙቀት ያነባል፣ ያየውንም በመርከቡ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የተሳሳተ ስሌት ቢያቀርብ ስሕተቱ የሚታየው በፈተና ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ሳይሆን መርከቡ ሊኖርበት በሚገባውና በሚገኝበት ቦታ መካከል ባለው ርቀት ነው። ከበላዩ የሚያርመው መኮንን አለ፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት ተረኛው እርሱ ነው።

ይህች መርከብ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ፍጻሜና የደርግን ዘመን አሳልፋለች። የምፅዋ ወደብ በየካቲት 1990 በሕዝባዊ ግንባር ኤርትራ እጅ ገባ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ያጣችው የባሕር በርን ብቻ አልነበረም። በሦስት አሥርት ዓመታት የተገነባ፣ አንጋፋው መኮንን ጀማሪውን በሥራ ላይ የሚያርምበት የማስተማሪያ ሥርዓትም አብሮ ተበትኗል።

4. ሕጉ ተማሪውን የሚያስቀምጥበት ቦታ

ተሳፋሪ ወይስ ተረኛ የሚለው ልዩነት የትምህርት ፍልስፍና ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ የዓለም አቀፉን የባሕር ሕግ መመልከት ይጠቅማል። በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን በሚመለከተው የ1974 ስምምነት መሠረት ከ12 በላይ ተሳፋሪዎችን የሚይዝ መርከብ የመንገደኞች መርከብ ተብሎ እጅግ ጥብቅ በሆኑ የግንባታና የነፍስ አድን ደንቦች ይገዛል። ታዲያ 60 ሠልጣኞችን የያዘ መርከብ ምን ይባላል? ሠልጣኞቹ ሙሉ ሠራተኞች አይደሉም፤ መርከቡ ያለ እነርሱም ይሄዳል። ተሳፋሪዎችም አይደሉም፤ ሥራ አላቸው፣ የመርከቡን አሠራርና የአደጋ ጊዜ ልምምድ ያውቃሉ።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1983 ያወጣውና በ2008 ያሻሻለው የልዩ ተግባር መርከቦች ደንብ ለዚህ ሦስተኛ መደብ ፈጥሯል። ሠልጣኞች «ልዩ ሠራተኞች» ተብለው ይመደባሉ፤ ምክንያቱም የሰውነት ብቃት እንዳላቸውና ስለ መርከቡ አቀማመጥና ደኅንነት በቂ ዕውቀት እንደሚኖራቸው ይታሰባል። ስለዚህ ሕጉ ራሱ መማርን ከኃላፊነት ጋር አያይዞታል።

መዝገቡን በተመለከተም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። የመርከበኞችን ሥልጠና፣ የብቃት ማረጋገጫና የተረኝነት ሥርዓት የሚወስነው የ1978 ስምምነት፣ በ1995 እና በ2010 በተደረጉለት ዐበይት ማሻሻያዎች፣ የባሕር ላይ አገልግሎትን ለብቃት ማረጋገጫ ግዴታ አድርጎታል። በጸደቀ መርሐ ግብር የሠለጠነ የመርከብ መሪ እጩ መኮንን ቢያንስ 12 ወራት በባሕር ላይ አገልግሎ በመዝገብ ደብተር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለሞተር ክፍል መኮንንም የወርክሾፕ ልምምድና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ ከ12 ወራት ማነስ የለበትም፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በሞተር ክፍል ተረኝነት የሚያልፍ ነው። የተጎበኙት ወደቦች ቁጥር በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የሚቆጠረው ሠልጣኙ በኃላፊ መኮንን ፊት ሠርቶ ያስፈረመው ተግባር ነው።

5. ቦሌ፦ ትምህርት ቤቱና መጓጓዣው በአንድ ግቢ

«ኢትዮጵያ» መርከብ ወደ ቀይ ባሕር በመጣችበት በዚያው በ1962 በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሌላ በር ተከፈተ። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ላዘዛቸው የቦይንግ 720 ጄቶች አጭር በመሆኑ አዲሱ መንደርደሪያ በቦሌ ተሠርቶ በዓመቱ መጨረሻ አገልግሎት ጀመረ። ሁለቱ ተቋማት፣ ባሕር ኃይሉና አየር መንገዱ፣ በአንድ ጉዳይ ይመሳሰሉ ነበር። ሁለቱም ሥራውን የጀመሩት በውጭ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን ዓላማቸው በኢትዮጵያውያን መተካት ነበር። አየር መንገዱ በ1945 ሲመሠረት አስተዳደሩና በረራው በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ባለሙያዎች ይካሄድ ነበር፤ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ።

በቦሌ የሚገኘው የአየር መንገዱ የአቪዬሽን ትምህርት ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አብራሪዎችን፣ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻኖችንና የበረራ አስተናጋጆችን ያሠለጥናል፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ይቀበላል። ለእነዚህ ሠልጣኞች «ውጭ አገር» ማለት አዲስ አበባ ነው። ከሦስቱ መስፈርቶች አንጻር ሲታይ የዚህ ተቋም ጥንካሬ ከቦታው አቀማመጥ ይነሣል። የመማሪያ ክፍሉ፣ ሲሙሌተሩ፣ የጥገና ሀንጋሩና የሚጠገነው አውሮፕላን በአንድ ባለቤት ሥር በአንድ አካባቢ ይገኛሉ። ጀማሪው ቴክኒሻን ጠዋት የተማረውን ክፍል ከሰዓት በኋላ በሀንጋር ውስጥ ፈትቶ ሊያየው ይችላል፤ የሠራውም በፈቃድ ባለው ባለሙያ ፊርማ ይረጋገጣል። ሥራው፣ መዝገቡና ባለቤቱ አልተለያዩም። በባሕር ኃይሉ ጊዜ ኮሌጁና መርከቢቱ የነበራቸው ግንኙነት በመሠረቱ ይህን ይመስል ነበር። በአየር በኩል ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ቆየ፤ በባሕር በኩል ተበጠሰ።

6. ከባቦጋያ ወደ ውቅያኖስ

ባሕር በር ከታጣ በኋላ የመርከበኝነት ትምህርት በሌላ መልክ ተመልሷል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አካባቢ የመርከበኝነት ሥልጠና ይሰጣል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ይሠራል። የሥልጠናው ዋና ምንጭ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች በየብስ ላይ የደኅንነትና የሞያ ትምህርት ካገኙ በኋላ ከቦሌ ተነሥተው በሩቅ ወደብ የቆመ የውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ይሳፈራሉ። የአውሮፕላን ጉዟቸው በተሳፋሪነት ተጀምሮ በተረኝነት ያበቃል።

ሥርዓቱ የሚያስመሰግን ብልሃት አለበት፤ ባሕር የሌላት አገር የመማሪያ ክፍሉን በራሷ ይዛ ባሕሩን ከሌላው ታገኛለች። ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመነጫል። በጭነት መርከብ ላይ የሚኖረው የሰው ቁጥር በመኝታ ክፍሎችና በነፍስ አድን ጀልባዎች አቅም የተወሰነ ነው። በዚያ ላይ ለሠልጣኝ የሚተርፈው መኝታ ጥቂት ነው። ባለቤቱ ኩባንያ መኝታውን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው በራሱ የገበያ ስሌት ነው። ስለዚህ የመማሪያ ክፍሉን ጨርሶ የባሕር ወራቱን ያላገኘ ሠልጣኝ ትምህርቱ በግማሽ ይቀራል፤ የያዘው ሰርተፊኬት በመርከብ ላይ ለመኮንንነት አያበቃውም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ የራሷ መርከቦች ጉዳይ ይመጣል። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት በ2011 ከተደረገው ውሕደት በኋላም መርከቦቹን በጅቡቲ በኩል እያንቀሳቀሰ ይገኛል። ከእነዚህ መርከቦች በእያንዳንዱ ላይ የሚመደብ የሠልጣኝ መኝታ፣ ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም፣ ከ1991 ወዲህ የተለያዩትን የመማሪያ ክፍልና የመርከብ ባለቤትነት ዳግም የሚያገናኝ ነው። ከ2019 የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ስምምነት ወዲህ ባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋም ሥራ የተጀመረ በመሆኑም፣ ማሠልጠኛ መርከብ ያስፈልጋል ወይስ የሠልጣኝ መኝታ ይበቃል የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የተለየ ማሠልጠኛ መርከብ ብዙ ሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ወጪው ግን ከፍተኛ ነው፣ መርከቡ ሲጠፋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል። በጭነት መርከቦች ላይ የተከፋፈለ መኝታ ጥቂት ሠልጣኝ ይይዛል፤ ሆኖም ሥልጠናውን ከአንድ መርከብ ዕጣ ነጻ ያደርገዋል።

7. ለዩኒቨርሲቲዎች የሚኖረው ትርጉም

ጉዳዩ ለመርከበኞች ብቻ የተተወ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ዲግሪ ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግሉ የሚያስገድደውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲሠራበት በየብስ ላይ ተመሳሳይ መርሕ መከተሉ ነበር። አብዛኞቹ በየአውራጃው በመምህርነት ተመደቡ። ተማሪው ገጠሩን የተዋወቀው እንደ ጎብኚ አልነበረም፤ ጠዋት የሚጠብቁት ተማሪዎች ነበሩት። ሥራው ግዴታ፣ መዝገቡ የዲግሪው ቅድመ ሁኔታ፣ ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ለአጭር ኮርስ፣ ለመስክ ጥናትና ለልውውጥ መርሐ ግብር ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ጉዞ ሦስቱን ጥያቄዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። አንደኛ፣ ተማሪው በደረሰበት ላቦራቶሪ ወይም መስክ እርሱ ባይኖር የሚጓደል ምን ሥራ አለው? ሁለተኛ፣ የሠራው በማን ፊት ተሠርቶ፣ በምን መዝገብ ላይ ይሰፍራል? ሦስተኛ፣ ሲመለስ የሠራውን እንደ ትምህርቱ አካል የሚቀበለው የትኛው ትምህርት ክፍል ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው የሦስት ወር ቆይታ፣ ለአንዱም መልስ ከሌለው የአንድ ዓመት ቆይታ ይሻላል።

የዚህን ጥያቄ የአገር ውስጥ ታሪክ ማጥናት ለሚፈልግ ተመራማሪ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። በ1960ዎቹ በ«ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ በሌሊት ተራ የቆሙ እጩ መኮንኖች ዛሬ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ አረጋውያን ናቸው። ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ስለ ተራው አደላደል፣ ስለ ኖርዌጂያን አሠልጣኞችና ስለ ኢትዮጵያውያን ተተኪዎቻቸው የሚነግሩት ቃል በቃለ መጠይቅ ካልተመዘገበ ከመርከቢቱ ጋር የሚጠፋ ነው። ለታሪክ፣ ለትምህርት አስተዳደርና ለባሕር ምሕንድስና ተማሪዎች በጋራ የሚሠራ የማስተርስ ጥናት ርእስ ይህ ነው፤ ሊጀመር የሚገባውም ባለታሪኮቹ በሕይወት ሳሉ ነው።